ቀኖና የኃጢአት ክፍያ ነው እንዴ?

የሆጤዋ፦ ሰላም ለቤቱ። ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ። የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ማታ ስግደት አለብኝ። አጠገቤ የምትሰፋው ጴንጤ ጓደኛዬ ምሳ ስትጠራኝ እምቢ ብላት መቀሷን አስቀምጣ «ክርስቶስ የከፈለውን ዕዳ አንቺ ድጋሚ ልትከፍዪ?» አለችኝ። «በጸጋ በእምነት ድናችኋል» የሚለውን ኤፌሶን 2፥8ንም አነበበችልኝ። ምን ልበላት?

ጦሳ ሥር፦ እህቴ፣ ጥቅሱማ የኛም ነው! ዝቅ ብላችሁ ቁጥር 10ን አንብቡ፤ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ይናገራል። ያዕቆብ 2፥26ም ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ይላል። ቀኖና ክፍያ ሳይሆን መድኃኒት ነው፣ ቁስሉ እንዳያገረሽ። ስርየቱ ከክርስቶስ ነው፤ ለዚህም ነው ንስሐ ገብተሽ ወደ ሥጋ ወደሙ የምትቀርቢው።

ወንጌላዊ ነኝ፦ ጓደኛሽ አነጋገሯ ሻከር ቢልም ሐሳቧ ልክ ነው። ንስሐ እኛም ጋ አለ፤ በጎ ሥራ ግን የመዳን ፍሬ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ከክርስቶስ በቀኝ ተሰቅሎ የዳነው ወንበዴ መቼ ሰገደ?

ጦሳ ሥር፦ ጊዜ መች አገኘና ወንድሜ! ቢሆንም ጥፋቱን አምኗል፣ ሉቃስ 23፥41ን እይ።

የሆጤዋ፦ ተባረኩ። ነገ ቡና ተረኛዋ እሷ ናት፣ ቁጥር 10ን አስነብባታለሁ። ቡናውን ግን ከዘጠኝ በኋላ ታፍላልኝ።