ወደ ትናንቱ ፋይል ለመመለስ፦ ለድሬ ልጆች የእኔ ጥቆማ

በመመረቂያ ጽሑፋቸው ወይም በሱቅ ሒሳባቸው ላይ ሌላ ጽፈው ሴቭ ካደረጉ በኋላ «የትናንቱን የሚያወጣልኝ ጠቁሙኝ» የሚሉ በዝተዋል።

አቦ፣ ወደ ጥገና ቤት አትሩጡ። ወርዱ ገና ካልተዘጋ ኮንትሮል ዜድን ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ሴቭ ከተደረገ በኋላም ይሠራል። ከዚራም ሆነ መጋላ ያሉ ባለሙያዎች ሪከቨሪ ሲሏችሁ የተሰረዘ ፋይል ስለማውጣት ነው የሚያወሩት። የእናንተ ፋይል ግን አልተሰረዘም፣ አዲሱ አሮጌውን ተክቶታል፤ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ከሄዳችሁም «ካልወጣ አልከፍልም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለጽሑፍና ለሱቅ ሒሳብ ጉግል ድራይቭ ይሻላል። ጉግል ዶክስ ላይ የጻፋችሁትን «ቨርዥን ሂስትሪ» ገብታችሁ ትመልሳላችሁ። የጫናችሁት የወርድ ፋይል ከሆነ ግን የድሮው ቅጂ የሚቆየው 30 ቀን ወይም 100 ቅጂ እስኪሞላ ነው፤ የምትሳሱለትን «ኪፕ ፎረቨር» በሉት። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ በግል አካውንት የሚይዘው የመጨረሻዎቹን 25 ቅጂዎች ነው።

ኮድ ለምትጽፉ፣ በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ከጊት (የፋይልን የለውጥ ታሪክ ከሚይዘው ፕሮግራም) ሌላ አልጠቁምም። ነጻ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ ቢጠፋም፣ መብራት ቢሄድም ባትሪ እስካለ ድረስ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። «ጊት ሎግ» ብላችሁ የፋይሉን ስም ስትጨምሩ ፋይሉ የተለወጠባቸው ኮሚቶች፣ ማለትም ጊት ላይ መዝግባችሁ ያስቀመጣችኋቸው ቅጂዎች፣ ይዘረዘራሉ። የምትፈልጉትን ኮሚት መለያ ቅዱና «ጊት ሪስቶር» ላይ «ሶርስ» በሚለው አማራጭ አስገቡት፤ ቀጥሎ የፋይሉን ስም ጻፉ። የሚመለሰው ያ ፋይል ብቻ ነው። ትእዛዙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የጊት ቨርዥን 2.23 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጫነ ጊት ያላችሁ «ጊት ቼክአውት»ን ተጠቀሙ።

አደራ፣ ሪስቶር ከማለታችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ኮሚት አድርጉ፤ በዚያ ፋይል ላይ ኮሚት ያልተደረገ ሥራ ካለ ይደመስሰዋል። «ጊት ሪሴት ሃርድ በለው» የሚላችሁንም አትስሙ፤ ለአንድ ፋይል ተብሎ በሌሎቹም ላይ ኮሚት ያላደረጋችሁት ለውጥ ይጠፋል።

መመረቂያውን በላቴክ (ጽሑፍን እንደ ኮድ በሚያስጽፈው) የምትጽፉ ከሆነ ጊት ለእናንተም ይሆናል። የወርድ ፋይልንም ያስቀምጣል፣ ነገር ግን የተለወጠውን መስመር በመስመር አያሳያችሁም፤ ስለዚህ ለወርድ ድራይቭን ነው የምመክረው። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ይሰበራልም፤ ጊትሃብ (የጊት ሥራን ኦንላይን የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) ላይ ፕራይቬት ማኅደር በነጻ ከፍታችሁ ኔትወርክ ባገኛችሁ ቁጥር ፑሽ አድርጉ፣ ማለትም ወደዚያ ላኩት።