እጩው ያለፈውን እስከ የት ድረስ ይናገር?

የአሌክሳንድሪያው፦ ሰላም ቤቶች። አንድ ወዳጄ እዚህ ቨርጂኒያ ለከተማ ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። ከ19 ዓመት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ተቀጥቷል። ሰው አልጎዳም፤ ከዚያ ወዲህም ጠብታ አልቀመሰም። ራሱ ቀድሞ ይናገር ወይስ ጠያቂ እስኪመጣ ዝም ይበል? እኔ ዝም ይበል ባይ ነኝ። መራጩ ለሥራ ነው የሚልከው፣ ንስሐ አባቱ አይደለም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ዝም?! ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ወንድሜ። ፕሬዚዳንት የነበረውን ትንሹን ቡሽ እየው። በ1976 ሜይን ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ 150 ዶላር ተቀጣ። 24 ዓመት ደብቆት፣ የ2000ው ምርጫ አምስት ቀን ሲቀረው ወጣበት። ቀድሞ ቢናገረው የአንድ ሳምንት ወሬ ሆኖ ያልፍ ነበር።

የአሌክሳንድሪያው፦ አሸነፈ እኮ!

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ። ወዳጅህ እንደዚያ ማሸነፍ ካማረው ይሞክራት።

ነርሷ፦ ጥፋትንና ሕመምን ግን ለዩልኝ። በ1972 የዴሞክራቶቹ ፕሬዚዳንታዊ እጩ ማክገቨርን ምክትል አድርጎ ያጫቸው የሚዙሪ ሴናተር ቶማስ ኢግልተን ለድብርት ሆስፒታል ተኝተው በኤሌክትሪክ ንዝረት መታከማቸው ሲሰማ፣ በታጩ በ18ኛው ቀን ወረዱ። የሚዙሪ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ ሁለቴ ሴናተር አድርገው መርጠዋቸዋል። የሚያውቋቸው አልፈሩም! የታከመውን እያወረድን ያልታከመውን «ጤነኛ» ብለን ከመረጥን ማን ሐኪም ቤት ይመጣል? በኛ ሰውማ አእምሮውን ታሞ ነበር ከተባለ ልጁን የሚያጭለትም አይገኝ።

የፓሪሱ ሽማግሌ፦ ልጄ፣ ይህን እዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ሚተራን በ1981 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ስለ ጤናዬ በየስድስት ወሩ መግለጫ አወጣለሁ አለ። በዚያው ዓመት ካንሰር ተገኘበት። መግለጫው አልቀረም፤ ሐኪሙ እየፈረመ «ደህና ነው» ይላል። እስከ 1992 ቀዶ ሕክምና ድረስ ሕዝቡ አያውቅም። በ1988 ድጋሚ የመረጠው ሰው ምን እንደመረጠ ያውቅ ነበር?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ ቃል ገብቶ ነው የዋሸው። የወንበሩን ዘመን የሚያሳጥር ሕመም ይነገር፣ እሺ። የዳነውን ግን ተዉለት።

ጠበቃው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ኪሱ ነው። አገር ቤት በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 668 ተመራጭና ተሿሚ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ ያዛል። የሚይዘው ግን ሥልጣን ላይ ያለውን እንጂ እጩውን አይደለም። እኛ ድምፅ ሰጥተን ከጨረስን በኋላ ማለት ነው! «ሲሾም ያልበላ» የሚል ተረት ላለው ሕዝብ የመነሻ ሀብቱን ቀድሞ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። የመጠጡ ነገር ደግሞ እንደ ሥራው ነው። ለአውቶቡስና ለመንገድ በጀት ሊያጸድቅ ከሆነ፣ ይመለከተናል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ጆርጅ ሳንቶስንም አንርሳ። ባሩክ ኮሌጅ ተመረቅኩ፣ ጎልድማን ሳክስ ባንክ ሠራሁ ብሎ በ2022 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጠ። ውሸት ነበር። በዓመቱ 311 ለ114 አባረሩት።

የአሌክሳንድሪያው፦ ወዳጄ ግን አልዋሸም። ማንም አልጠየቀውም።

ጠበቃው፦ ነገ መድረክ ላይ ሲጠየቅስ? «አላስታውስም» ካለ ሳንቶስን ሆነ።

የአሌክሳንድሪያው፦ እሺ፣ የደበቅኳችሁ ነገር አለ። መራጩን አይደለም የሚፈራው። 16 ዓመት የሆናት ልጅ አለችው፤ አታውቅም። መኪና መንዳት እያስተማራት ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ቡሽም ያኔ «ለሴት ልጆቼ ስል ነው የደበቅኩት» ብሎ ነበር። ወሬው ግን ከመውጣት አልቀረም።

ነርሷ፦ የምዝገባው ቀን መቼ ነው?

የአሌክሳንድሪያው፦ ማክሰኞ።

የፓሪሱ ሽማግሌ፦ እንግዲያው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጅቷን ይዟት ይውጣ። መሪውን ግን እሱ ይያዝ።