የ10 ዓመት የሽግግር ማትሪክስ ወደ 1 ዓመት ሲወርድ አሉታዊ ዕድል ይሰጠኛል

ሰላም፣ የመሬት አጠቃቀም ለውጥን በሴሉላር አውቶማታ (እያንዳንዱ የካርታ ሴል በራሱና በጎረቤቶቹ ሁኔታ ደረጃ በደረጃ የሚለወጥበት ሞዴል) እየሞደልኩ ነው። ከላንድሳት የሳተላይት ምስሎች የተመደቡ የ2010 እና የ2020 ራስተሮች (በፒክስል የተከፋፈሉ ካርታዎች) አሉኝ፤ ፒክስሉ 30 ሜትር፣ የመሬት ዓይነቱ 5። ሁለቱን ደራርቤ ያገኘሁት የሽግግር ማትሪክስ (ከአንዱ የመሬት ዓይነት ወደ ሌላው የመለወጥ ዕድሎች ሰንጠረዥ) የ10 ዓመት ነው፤ ሞዴሉ ግን የሚራመደው በየዓመቱ ነው። ዕድሎቹን ለ10 ማካፈል አያስኬድም፤ በመሃል ከደን ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ሕንፃ የሚያልፈው ፒክስል አይቆጠርም። ስለዚህ የማትሪክሱን 10ኛ ሥር፣ ማለትም 10ኛ ኃይሉ መነሻውን የሚመልስ ማትሪክስ ወሰድኩ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት ቁጥሮች ከ0 በታች ወጡ። እነሱን 0 አድርጌ የየረድፉን ድምር ወደ 1 ስመልስ፣ 10ኛ ኃይሉ ከመነሻው ጋር አይገጥምም። ከሕንፃ ወደ ደን የሚል ሽግግርም አለ፤ የምደባ ስህተት ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ እሱን ላጽዳ ወይስ ልዩነቱን የሚያሳንስ ማትሪክስ በኦፕቲማይዜሽን ልፈልግ?