ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ ለስድስት ወር ልጅ የሚሆን ምጥን ከየት ልግዛ?

የበኩር እናት፦ ሰላም እናቶች። ልጄ ከአሥር ቀን በኋላ ስድስት ወር ትሞላለች። እስካሁን ከጡቴ ሌላ ጠብታ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስለገባሁ ቀን ቀን የታለበውን ወተቴን እናቴ በሲኒ ታጠጣልኛለች። አሁን ምግብ ልጀምርላት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ምጥን (የእህልና የጥራጥሬ ድብልቅ ዱቄት) ከአራዳ ገበያ ልግዛ? ከሱፐርማርኬት ፋፋ ወይም ሴሪላክ ይሻላል? ወይስ እህሉን ራሴ አዘጋጅቼ ላስፈጭ? የምኖረው ማራኪ ሰፈር ነው። የሞከራችሁትን ንገሩኝ፤ የመጀመሪያዬ ስለሆነች እፈራለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ምንም አታስቢ እህቴ። አራዳ እህል ተራ ስትገቢ ጥግ ላይ ቅመምና ሽሮ የሚሸጡ እናት አሉ። ሦስቱንም ልጆቼን ያሳደግኋቸው በእሳቸው ምጥን ነው። 12 ዓይነት እህል አለው። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ።

አዘዞ፦ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አትግዢ! እኔ ባለፈው ክረምት ከአንድ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። ላስቲኩ ላይ የተፈጨበት ቀን የለም፣ ምን ምን እንዳለው የተጻፈ ነገርም የለም። ስከፍተው የቆየ ለውዝ ሽታ ሸተተኝ፤ «ዱቄት ያው ነው» ብዬ ለልጄ ገንፎ ሠራሁለት። ማታ ተቅማጥና ትውከት ጀመረው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ላይ ቆመን አለቀስን። ጤና ጣቢያ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር) እና ለ10 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ሰጡን፣ ጡት እንዳላቋርጥበትም ነገሩኝ። በማግስቱ የተረፈውን ዱቄት ብነፋው ወንፊቱ ላይ ድር የያዘ ጓልና ትል ቀረ። ሻጩ ጋ ወስጄ ሳሳየው «ከአንቺ በቀር ማንም አልከሰሰኝ» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሽታውን እያወቅሁ ነው ያበላሁት።

ቀበሌ 16፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የትኛው ሱቅ ነው? ሌላው እናት እንዳትገዛ ብትነግሪን።

አዘዞ፦ ስም አልጠራም፣ ከሰው አልጣላም። ግን አራዳ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ አራዳ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። የእኔዋ እናት ሁሌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እቃቸው ንጹሕ ነው። ደግሞ ተቅማጡ ከውሃው ወይም ከጡጦው ቢሆንስ? ዱቄቱ እንደሆነ በምን አወቅሽ?

አዘዞ፦ ትሉን በዓይኔ አየሁት እያልኩሽ!

ጋሽ ባለ ወፍጮ፦ ሱቁን እንደ ታቦት አትሸከሙት። ልጅቱ የጠየቀችው ስለ ምግብ ነው፤ የናንተ ክርክር ለሕፃኗ ገንፎ አይሆናትም።



ነርስ ነኝ፦ እህት ዓለም፣ የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ ትንሽ ላስረዝም።

12 ዓይነት እህል ስለገባበት ብቻ ምጥን ጥሩ አይሆንም። ሦስት እጅ እህል (ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ካለሽ አንድ ወይም ሁለቱ) እና አንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽንብራ፣ ባቄላ ወይም አኩሪ አተር) ይበቃል። ዓይነቱ ሲበዛ ልጅቷን ሽፍታ ወይም ትውከት ቢጀምራት የቱ እንዳልተስማማት መለየት ይቸግርሻል። ሰሊጥ ወይም ለውዝ ብታስገቢ በደንብ አድቅቀሽ ነው፤ ሙሉ ለውዝ ሕፃን ያንቃል። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የመረረ ለውዝ ደግሞ ጣይው፤ ሻጋታው የሚያመርተውን መርዝ ማመስም መቀቀልም አያጠፋውም።

የእኛ አገር ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ጓያን ነው። ደምቢያ ዘመድ ያለው ያውቀዋል፤ ድርቅ በመጣ ጊዜ ጓያ ብቻ እየበሉ የከረሙ ወጣቶች እግራቸው ሽባ ሆኖ በከዘራ ቀርተዋል። ጓያ ተከክቶ ሲመጣ ከሌላ ክክ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ተፈጭቶ ሽሮ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ጥራጥሬውን ክክ አትግዢ፤ ሙሉውን ገዝተሽ፣ ሰፌድ ላይ ለቅመሽ፣ ራስሽ አስከኪ። ሽንብራ ክብ ሆኖ ጫፉ እንደ ወፍ አፍ ሾል ይላል፤ ጓያ ማዕዘን አለው፣ እንደ ጠጠር የተቀጠቀጠ ነው የሚመስለው።

አጥሚት አቅጥነሽ አትስጪያት። የስምንት ኪሎ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ኩባያ ያህል ነው፤ ያንን በውሃ ከሞላሽው ምግቡ የት ይገባል? ገንፎው ከማንኪያ ሳይፈስ መቆየት አለበት። በጣም ከጠነከረባት የገብስ ብቅል ዱቄት አንድ ማንኪያ ጨምረሽ እንደገና አፍዪው፤ ብቅሉ ውሃ ሳትጨምሪ ያላላዋል። በሁለትና ሦስት ማንኪያ ጀምሪ፤ እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ። ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

ፋፋውም ሴሪላኩም ይሆናል፤ ቫይታሚንና ማዕድን ስለተጨመረባቸው ጥሩ ጎን አላቸው። መለያውን ግን አንብቢ፤ ስኳር ያለበትን ተይ፣ ቀኑን እዪ። ማር ዓመት ሳይሞላት በፍጹም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ነርስ እህቴ ልክ ነሽ። የእኔዋ እናት ግን ጓያ አያስገቡም፣ በእሳቸው እምላለሁ።

የአንድ ልጅ አባት፦ እኔም አንድ ልጨምር። እኛ ቤት ሁዳዴ ሲገባ ድስቱ እንዳይነካካ እየተባለ እንቁላሉም ወተቱም ከቤት ይወጣ ነበር፤ ልጃችንም ሳናውቀው አብሮን ይጾም ነበር። ክብደቱ አልጨምር ሲል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ክንዱን በሜትሯ ለካችው፤ ቢጫው ላይ አረፈ፤ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። የነፍስ አባታችንን ስንጠይቃቸው ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም አሉን። ለልጁ ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ለብቻው ገዛን፤ ድስቱ እጀታ ላይ ባለቤቴ ቀይ ክር አሰረችበት። ቀይ ክር ያለበትን ማንም ለጾም ወጥ አይነካውም። እንቁላሉ በደንብ ይበስላል፣ የተፈጨ ጉበት በሳምንት ሁለት ቀን ይገባበታል። አሁን ተመስገን አረንጓዴው ላይ ነው።

የበኩር እናት፦ የቀይ ክሩን ነገር ወደድኩት፣ ተባረኩ። ግን ወፍጮ ቤት የቱ ይሻላል? ማራኪ አካባቢ በርበሬ የማይፈጭበት አለ?

ጋሽ ባለ ወፍጮ፦ ልጄ፣ በርበሬ የማይፈጭ ወፍጮ አታገኚም። ጠዋት ወፍጮው ሲከፈት ቀድመሽ ድረሺ። ከምጥንሽ በፊት አንድ ኩባያ በቆሎ አስፈጪ፤ ድንጋዩን ያጥብልሻል። ያንን ዱቄት ለብቻው ያዢው፣ ለሕፃኗ አታድርጊው። ብዙ አታስፈጪ፤ የሦስት ሳምንት ይበቃል፣ ዱቄት ሲቆይ ይሻግታል።

እማማ፦ የኔ ልጅ፣ ዘመኑ ተለውጧል፤ እኛ አፍንጫ ይዘን ነበር የምንግተው። አሁን የልጅ ልጄን ሳያት ማንኪያውን ራሷ ስትይዝ ነው የምትበላው። አፏን ስትዘጋ አስገድዳችሁ አታብሉ፤ ደቂቃ ቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። አጠገቧ ተቀመጡና እናንተም እየበላችሁ አሳዩአት።

አዘዞ፦ እማማ እውነት ብለዋል። እኔ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም። የገዛችሁትን ቅመሱ፣ አሽትቱ። ዱቄት ከሸተታችሁ ቢወደድም ጣሉት።

የሦስት ልጆች እናት፦ አዘዞ፣ ቅዳሜ አራዳ ብትመጪ እኔው ራሴ ወስጄ አስተዋውቅሻለሁ። ልብሽ ይረጋጋል።

አዘዞ፦ አልመጣም።

የወገራ ልጅ፦ የእኔም ልጅ ሰኔ ላይ ስድስት ወር ትሞላለች። የበኩር እናት፣ በመጨረሻ ከየት ገዛሽ?