ስለ ጋሽ ሚሊ መታሰቢያ፦ ለጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበውን እናርም

ከዕድሩ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ። የወርክሾፓችን ብረት ቀራጭ የነበሩት የጋሽ ሚሊ አርባ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። የዚያን ዕለት ድንኳኑ ሥር «አንድ ነገርማ ማድረግ አለብን» ያላለ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሰው አልነበረም። ወሬው ከድንኳኑ ጋር ተጠቅልሎ እንዳይቀር ሐሳባችሁን እዚህ ጻፉልኝ፤ አንድ አድርጌ ለጠቅላላ ስብሰባው አቀርበዋለሁ። እስካሁን የደረሰኝ የመቃብር ሐውልት፣ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ስማቸው የተቀረጸበት እብነ በረድ፣ በሙት ዓመታቸው ደግሞ ግብዣ የሚል ነው። ካዝናችንን ታውቁታላችሁ።

ከፉርጎ ጥገና፣ ጡረተኛ
ግብዣው ይቅር። ሚሊ ለሰው ሐዘን ድንኳን ሲተክል አምሽቶ፣ ንፍሮውን እንኳ ሳይዘግን ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነበር። ደግሞ ድሬ ላይ ግብዣ ካላችሁ የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ፣ ሁለት ወጥ ቤት ነው። ገንዘቡ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ሻይ በብስኩት ይበቃል፤ አቦ፣ እሱም ቢሆን ከፔርሙሱ ሌላ አያውቅም።

ከሂሳብ ክፍል የነበርኩ
ሐውልቱን ቤተሰብ ጀምሮታል፤ ትናንት ልጃቸውን አግኝቻት ነግራኛለች። እኛ እላዩ ላይ ሌላ ድንጋይ አንጨምርም። እብነ በረዱም ፈቃድ ይፈልጋል።

ከጅቡቲ፣ የቀድሞ ባቡር ነጂ
ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ወጣቶቹ ስለማያውቁ ልንገራቸው። ብሮንዚን (ዘንግ የሚዞርበትን የነሐስ ቀለበት) አስቆርጬ «በቃ አስገባው፣ አንድ ሚሊ ምን አላት?» ስለው ቶርኖውን፣ የብረት መቅረጫ ማሽኑን፣ አጠፋና «ሌሊት አዋሽ ድልድይ ላይ ስትደርስ ትነግርሃለች» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚሊ ሆኖ ቀረ።

አዲሱ ባቡር ሥራ የጀመረ ሰሞን ጣቢያውን ልናይ አብረን ወጣን። ሰው ሁሉ ሕንጻውን ያደንቃል፤ እሱ ሐዲዱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሜትሩን ዘረጋ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት ለክቶ «1435 ሚሊ» አለ። የኛው 1000 ነበር። «ታዲያ ዕድሜያችንን ሙሉ 435 ሚሊ ጠበን ነው የኖርነው?» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጥበቃው መጥቶ አስነሳን።

ስለ መታሰቢያው የእናንተን እቀበላለሁ። ድንጋይ ግን አልወድም።

የጋሽ ሚሊ ረዳት የነበርኩ
እትዬ፣ እኔ ያሰብኩት መዝገባቸውን ነው። ወርክሾፕ ያልሠራ ሰው አያውቀው ይሆናል። ልባዱ በግራሶ የጠቆረ ወፍራም መዝገብ ነው፤ ቶርኖው አጠገብ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። መለዋወጫ ከውጭ አልመጣ ባለ ጊዜ ከተጣለ ፉርጎ ብረት እየቆረጡ የሠሩት ዕቃ ሁሉ በእርሳስ ተስሎ፣ ልኩ በሚሊ ተጽፎ እዚያ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ነው፣ ፊደሉ የኛ፦ ኤሲዩ (የጎማ ዘንግ)፣ ቦጂ (ጎማዎቹን የሚይዘው የፉርጎ እግር)፣ ሩ (ጎማ)።

እኔን የያዘኝ ግን ሥዕሉ አይደለም። የተበላሸባቸውን ሥራ ሁሉ ጽፈዋል። አንዱ ገጽ ላይ «ቸኩዬ በትኩሱ ለካሁ፤ ሲቀዘቅዝ ልኩ አነሰ። ብረቱ ተጣለ። ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ትኩስ ብረት ያብጣል፤ እጅህን አስቀምጠህበት ካላስቻለህ አትለካው»። እኔ ያን ገጽ ያነበብኩት ያንኑ ስህተት በሠራሁ ማግስት ነው። አልተቆጡኝም፤ ገጹን ገልጠው ሻይ ሊቀዱ ሄዱ። ይኸ መዝገብ ይታተምና የከተማው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለሚማሩ ልጆች ይሰጥ።

ከፉርጎ ጥገና፣ ጡረተኛ
ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ እኔም ካዝናውን ለዚህ እሰጣለሁ። የተበላሸውን ግን አውጡት። የሞተ ሰው ጥፋት በማተሚያ ቤት አይባዛም። ነገ የማያውቀው ልጅ «ይኼ ሰውዬ ብረት ሲያበላሽ ነው የኖረው» ይላል። ነውር ነው።

ከጅቡቲ፣ የቀድሞ ባቡር ነጂ
ወንድሜ፣ ክብሩን ስለምታስብ ነው፤ ይገባኛል። ግን እሱ ራሱ በቀይ የጻፈውን እኛ ማን ሆነን እንሰርዛለን? ትክክለኛውን ልክ ማንም ይለካል። ብረት የጣለበትን ቀን መዝግቦ ለረዳቱ የሚያሳይ ባለሙያ ስንት አይተሃል? እኔ በሠላሳ ዓመት ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ከፉርጎ ጥገና፣ ጡረተኛ
ልጃቸው ትወስን። እሷ ካለች አፌን እዘጋለሁ።

ከሂሳብ ክፍል የነበርኩ
ደወልኩላት። «አባዬ ቀዩን እኛ ቤትም ያነብልን ነበር፤ እንዳትነኩት» ብላለች። መዝገቡንም በአደራ ሰጥታኛለች፤ ከታተመ በኋላ ይመለስላታል።

ከዕድሩ ጸሐፊ
እንግዲያው ረቂቁ ይኸውላችሁ፦

«እኛ የዕድሩ አባላት ለባልደረባችን መታሰቢያ የሥራ መዝገባቸው ሳይቀነስ፣ ሳይታረም፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ እንዳለ እንዲባዛ እንጠይቃለን። ለሥራው እያንዳንዱ አባል ለሦስት ወር ከወርሃዊው መዋጮ ሌላ 100 ብር ያዋጣል። የፈረንሳይኛው ስሞች ፍቺ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መጨረሻው ላይ ይጨመራል፤ ፍቺውን የሚያዘጋጁት ጡረተኞቹ ናቸው። በሙት ዓመታቸው ቅጂዎቹን ለተማሪዎች እናስረክባለን፤ መስተንግዶው ሻይና ብስኩት ነው።»

ኦሮምኛና ሶማልኛም ይጨመር ያላችሁኝ ልክ ናችሁ፤ ወርክሾፑ ውስጥ በአንድ ቋንቋ ብቻ ብሎን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለፍቺው ብቻ እንዲሆን አስገብቼዋለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ።

የጋሽ ሚሊ ረዳት የነበርኩ
እትዬ፣ ዛሬ መዝገቡን ገጽ በገጽ ስንቆጥር አንድ ቅጠል ተቀዷል። የፍሬን ዘንጉ ሥዕል ያለበት ነው። ሌላ ቦታ አልተሳለም። የሚያውቅ አለ?

ከፉርጎ ጥገና፣ ጡረተኛ
እኔ ጋ ነው። የዛን ጊዜ ሚሊ ፈቃድ ላይ ነበር፣ ፉርጎው በማግስቱ መውጣት ነበረበት፣ መገልበጫ ጊዜ አጣሁና ቀደድኩት። ሲመለስ አየው፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ በኋላ ለመመለስ አፈርኩ። ቁርዓኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ አልተጨማደደም።

ከዕድሩ ጸሐፊ
ጋሼ፣ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ያምጡልን። ስካን የሚያደርግልን ልጅ ከዚያ በኋላ አይገኝም።