የአሜሪካ የቀን ድራማ፦ ተመልካቹ ሸሸው ወይስ ጣቢያዎቹ ገፉት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስንከራከር አመሸን። አልተስማማንም፤ እናንተ ፍረዱን። አሜሪካ ውስጥ በቀን የሚታዩት ተከታታይ ድራማዎች፣ ሶፕ ኦፔራ የሚባሉት፣ ተመልካቻቸው ለአርባ ዓመት ያህል ሲመናመን ኖሯል። ኅዳር 1981 «ጄነራል ሆስፒታል» በሚባለው ድራማ ላይ ሉክና ላውራ የተባሉት ገጸ ባሕርያት ሲጋቡ 30 ሚሊዮን ሰው አይቷቸዋል። ዛሬ ከቀን ድራማዎች ቀዳሚው «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» 3 ሚሊዮን ገደማ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጓደኛዬ «ጊዜው አለፈበት፣ በቃ» ትላለች። እኔ ደግሞ ሕዝቡ አልሸሸም፣ ተገፋ ባይ ነኝ።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገራችሁ። እዚህ አገር መጥቼ መጀመሪያ የሠራሁት አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። ምሳ በልተው ሳህኑን ሳላነሳ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ከሶፋው ጎን ያለችውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ተቀመጪ ማለታቸው ነው። «ይቺ የዚያኛው ሚስት ነበረች፣ አሁን የወንድሙ ናት» እያሉ ያስረዱኛል። እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚያች ወንበር ላይ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ድራማቸው ተቋረጠና በሰዓቱ የወሬ ፕሮግራም (ቶክ ሾው) ገባ። እማማ ትንሽ አዩና ሪሞቱን አንስተው አጠፉት። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን አልከፈቱም። እና እኚህ ሴትዮ ሸሹ ይባላል?

ቁጥር ወዳድ፦
እህቴ፣ ታሪክሽ ልብ ይነካል። ግን የእማማ ልጆች በዚያ ሰዓት የት ነበሩ? ሥራ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1950 ከሦስት አሜሪካዊት ሴቶች አንዷ ገደማ ነበረች ሥራ ያላት ወይም ሥራ ፈላጊ። በ1999 ከመቶ 60 ደረሱ። ይህ ድራማ የተሠራው ቀን ቤት ለምትውል ሴት ነው። «ሶፕ» የሚለው ስሙም የመጣው ከሳሙና ነው፤ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልን የመሰሉ ሳሙና አምራቾች ናቸው መጀመሪያ በራድዮ፣ ኋላ በቴሌቪዥን ገንዘቡን የከፈሉት። የቤት እመቤቷ ከቤት ስትወጣ ሳሙና ሻጩም ተከትሏት ይወጣል።

በዚያ ላይ 1995 አለ። በነፍስ ግድያ የተከሰሰው የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የኦ.ጄ. ሲምፕሰን ችሎት ከጥር እስከ ጥቅምት ቆየ። ጣቢያዎቹ ቀን በቀን ድራማውን እያቋረጡ ችሎቱን አስተላለፉ። የቀን ድራማ የሚኖረው በልማድ ነው። ልማዱ አንዴ ከተበጠሰ መልሶ መቀጠል ይከብዳል። ይኸው በዓመቱ፣ በ1996፣ «ጃጅ ጁዲ» የምትባለው የቴሌቪዥን ችሎት ተጀመረች። ሰው ከተጻፈ ፍቅር ይልቅ የጎረቤታሞችን ክስ ማየት ወደደ። ማንም አልገፋውም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
የሴቶች ሥራ የሚለውን ሁሉም ያነሳዋል፤ ግን ዘመኑን አስተውል። ሴቱ በብዛት ሥራ የገባው እኮ በሰባዎቹ ነው። በሰባዎቹ ድራማው ምን ሆነ? አደገ! በ1975 «አናዘር ወርልድ» ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተራዘመ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የሉክና የላውራ ሠርግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪዎች ሳይቀሩ በየመኝታ ሕንፃቸው ሳሎን ተሰብስበው ያዩ ነበር። ስለዚህ ሥራ ብቻውን አልገደለውም።

ከካሜራ ጀርባ፦
እኔ በቴሌቪዥን ሥራ ስለምተዳደር የገንዘቡን ነገር ልጨምር። የቀን ድራማ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 250 ገደማ ክፍል ነው። ዕረፍት የሚባል ወቅት የለውም። ጸሐፊው፣ ተዋናዩ፣ ልብስ አልባሹ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ይከፈለዋል። የወሬ ፕሮግራም አንድ ጠረጴዛና አምስት ሰው ይበቃዋል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ማስታወቂያ ነው። ጣቢያዎቹ ለአስተዋዋቂዎች የሚሸጡት ከ18 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴት ተመልካቾችን ነው። እማማ በየቀኑ ሳያጓድሉ ቢያዩም ለገበያው ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ታማኙ ተመልካች ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ዋጋው ሲቀንስ በጀት ይቆረጣል። በጀት ሲቆረጥ ድራማው ያስጠላል። ለምሳሌ «ጋይዲንግ ላይት»ን ውሰዱ። በ1937 በራድዮ ጀምሮ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን የገባ ሥራ ነው። በ2008 ወጪ ለመቀነስ ትልልቆቹን የስቱዲዮ ካሜራዎች ትቶ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ካሜራ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፒፓክ በምትባል ከተማ ደጅ ለደጅ መቅረጽ ጀመረ። ሲታይ የሌላ አገር ድራማ ይመስል ነበር። መስከረም 2009 ተዘጋ። 72 ዓመት የቆየ ታሪክ! እንግዲህ በመጨረሻው ዓመት ጥሎ የሄደውን ተመልካች ሸሸ እንበለው ወይስ ተባረረ? እኔ ተባረረ እላለሁ።

ቁጥር ወዳድ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን ግማሹን ነው ያወራኸው። በጀት የተቆረጠው ተመልካች ስለቀነሰ ነው። ቅነሳው ደግሞ የመጣው ካሜራው ከመቀየሩ ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ ኬብል ቻናሎች ሲበዙ ነው። ሦስት ቻናል ብቻ እያለ 30 ሚሊዮን ማግኘትና መቶ ቻናል እያለ ማግኘት አንድ አይደለም። ደግሞ ሳይሞከር አልቀረም። ኤቢሲ የሚባለው ጣቢያ በ2011 እንዲዘጉ የወሰነባቸውን ሁለት ድራማዎች፣ «ኦል ማይ ችልድረን»ንና «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ»ን፣ ሌላ ኩባንያ በ2013 በኢንተርኔት መልሶ ጀምሯቸው ነበር። ያው ዓመቱ ሳያልቅ ቆሙ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሺ፣ 2011ን ካነሳኸው እንነጋገርበት። ሁለቱም ከአርባ ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ፤ አግነስ ኒክሰን የምትባል ሴት ናት የፈጠረቻቸው። የጣቢያው ሰዎች ተመልካች አሁን የሚፈልገው ምግብና አኗኗር ነው አሉ። በቦታቸው ካስገቧቸው ሁለት ምትክ ፕሮግራሞች አንዱ፣ «ዘ ሪቮሉሽን»፣ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የቤት መጥረጊያ ማሽን የሚሠራው ሁቨር ተመልካቹ ሲያዝን አይቶ ማስታወቂያውን ከኤቢሲ የቀን ድራማዎች አነሳ። አስበው፣ ራሱ አስተዋዋቂው! ማንም የማይፈልገው ነገር ሲዘጋ እንዲህ አይሆንም።

ቁጥር ወዳድ፦
ሌላው ምትክ፣ «ዘ ቼው»፣ እስከ 2018 ቆይቷል እኮ። እሱንም አብረሽ ቁጠሪ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሱ እውነት ነው። ቆይቷል።

እትዬ ገርጂ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ጣልቃ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር እኛም አገር ብዙ ተብሏል። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲተረጎም ባህል ጠፋ፣ የአገር ውስጥ አርቲስት ሥራ አጣ ተባለ። እኔ ያን ክርክር አሁን አላነሳም። ያየሁትን ግን ልናገር። እኔ፣ ልጄና ቤት የምትረዳን ልጅ እኩል ቁጭ ብለን እናይ ነበር። አንድ ቀን ያመለጣት ካለች ቡና ስናፈላ እንነግራታለን። ሰው ተከታታይ ድራማ ሰለቸው የሚለውን አልቀበልም። አብሮ የሚያይ ሰው ካለ አይሰለችም።

ከካሜራ ጀርባ፦
እትዬ፣ በጣም ትክክል። እዚህም ከእናት ወደ ልጅ ነበር የሚተላለፈው። ልጅቷ አሟት ከትምህርት ቤት ስትቀር ከአያቷ ጋር ሶፋ ላይ ታያለች፣ በዚያው ትለምዳለች። አሁን አያት ሌላ ክፍለ አገር፣ ልጅቷ የራሷ ስልክ ላይ። ጣቢያዎቹም ይህን ድልድይ ለመጠበቅ ምንም አላደረጉም። በ2022 ኤንቢሲ ከ1965 ጀምሮ ያሳየውን «ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» ፒኮክ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማሳያ (ስትሪሚንግ) አዛወረው። ለወጣቱ ተብሎ ከሆነ እሺ። ግን አንቴና ብቻ ያላቸው አሮጊት በማግሥቱ ቴሌቪዥን ሲከፍቱ ዜና ነው ያገኙት።

የታኮማ ልጅ፦
እኔ 24 ዓመቴ ነው፣ የተወለድኩት እዚሁ ነው። አማርኛዬ ከተሳሳተ ይቅርታ። እውነቱን ለመናገር እኔ የማውቀው ሰው በሰዓት ጠብቆ ቴሌቪዥን የሚያይ የለም። ለኛ ድራማ ማለት ስምንት ክፍል፣ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ነው። አሥር ሺህ ክፍል ያለው ነገር ከየት ነው የሚጀመረው? እናቴ ሁለት ሥራ ነበራት፣ አያቴ አዲስ አበባ ናት። ይቺ ማን ናት ብዬ የምጠይቀው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ አልሸሸሁም፣ አልተገፋሁምም። ማንም አልጠራኝም።

ቁጥር ወዳድ፦
ይሄኛው አሳሰበኝ። እውነቴን ነው። ቁጥር ላይ «ያላየ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ «ያልተጠራ» የሚል መስመር የለም። አሁንም የሥራና የኬብል ነገር ትልቁ ምክንያት ነው እላለሁ። ግን ብቸኛው ነው ብዬ ጀምሬ ከሆነ እሱን እተዋለሁ።

ከካሜራ ጀርባ፦
አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ፣ ሥራ አለኝ። በየካቲት 2025 ሲቢኤስ «ቢዮንድ ዘ ጌትስ» የሚባል አዲስ የቀን ድራማ ጀምሯል። በትልልቆቹ ጣቢያዎች ከ1999 ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ነው። የተሠራው ኤንኤኤሲፒ ከሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ድርጅትና ከዚያው ከሳሙናው ኩባንያ፣ ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ጋር ነው። ታሪኩ የሀብታም ጥቁር ቤተሰብ ነው፣ ቦታው ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ። የገባው ደግሞ «ዘ ቶክ» የሚባለው የወሬ ፕሮግራም ቦታ ላይ ነው። በ2011 ወሬ ድራማን ተካ፣ አሁን ድራማ ወሬን ተካ። ሁሉም ነገር የተመልካች ሽሽት ቢሆን ኖሮ ይህን ብር ማን ያወጣ ነበር?

የታኮማ ልጅ፦
ታኮማም ሲልቨር ስፕሪንግም እዚያው ዲሲ አካባቢ ናቸው፤ እኛ ሰፈር ማለት ነው እኮ! እትዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እርስዎ ያዩታል? ብዙ ክፍል አልፎታል፣ ከመጀመሪያው ልጀምር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አያለሁ እንጂ ልጄ። ከመጀመሪያው አትጀምር። ከየትም ጀምር። እነዚህ ድራማዎች ያለፈውን እየደጋገሙ ነው የሚሄዱት፣ እማማ ያንን ነው ያስተማሩኝ። በሦስት ቀን ትለምደዋለህ። እኔ ሰኞ ሥራ የለኝም። ከቀኑ በኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ ይጀምራል። አድራሻውን በውስጥ እልክልሃለሁ፣ ከእናትህ ጋር ና። ሻይ አፈላለሁ። ማን የማን እንደሆነ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ።