ለሰፊ ሳሎን በኤሌክትሪክ የሚዘረጋ የቆዳ ሶፋ፦ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ባለ አዲስ ቤት፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ አዲስ ቤት ገባን። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ 18 በ22 ጫማ ይሆናል። የድሮ ሶፋችን ውስጡ ገብቶ የለም ያስብላል። ባለቤቴ በኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ኤል ቅርጽ ያለው የቆዳ ሶፋ ካልሆነ ብሏል። እኔም አልጠላሁትም። ግን ገንዘቡ ቀላል አይደለም። አንዴ ከገዛን ዓመታት እንዲያገለግለን ነው የምፈልገው።

የቤቱ ሁኔታ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ከፋየርፕሌሱ በላይ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ ግድግዳ የለም፤ ወደ ኩሽና ክፍት ነው። ስለዚህ ሶፋው ወለሉ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። በቀኝ በኩል ትልቅ የመስታወት በር አለ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በደንብ ትገባለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከኛ ጋር ልትሰነብት ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። በዓል ሲሆን ደግሞ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል።

ሁለት ሶፋ አይተናል። አንደኛው ግራጫ ነው። አራት መቀመጫው ይዘረጋል፤ መሃሉ ላይ ኩባያ ማስቀመጫ አለው። ዋጋው 4,200 ዶላር፣ ወረቀቱ ላይ «ሌዘር ማች» ይላል። ሁለተኛው ቡናማ ነው። የሚዘረጉት ሁለት መቀመጫዎች ብቻ ናቸው፤ ዋጋው ግን 5,600 ዶላር። እሱ ላይ «ቶፕ ግሬይን» ይላል፤ ጎኑም ጀርባውም። ሻጩ «ያው ሁለቱም ቆዳ ናቸው» አለን። እውነት ያው ናቸው? ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሶፋ ጠጋኝ፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ያው አይደሉም።

ሌዘር ማች የሚባለው ሰውነትሽ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ቆዳ የሆነው ነው፤ መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ የክንድ ማሳረፊያው። ጎኑና ጀርባው በቀለም የተመሳሰለ ቪኒል፣ ማለትም ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ነው። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ግድግዳ ተደግፎ ለሚቆም ሶፋ እንዲያውም ብልህ ቁጠባ ነው፤ ጀርባውን ማን ያየዋል? ያንቺ ግን መሃል ላይ ነው የሚቆመው። ከኩሽና የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ደግሞ ቆዳና ቪኒል እኩል አያረጁም። ፀሐይ ሲያገኛቸው ቀለማቸው በየፊናው ይሄዳል።

ቶፕ ግሬይን የቆዳው የላይኛው ንጣፍ ነው፤ ጠንካራው ክፍል። ከሥሩ የሚገፈፈው «ስፕሊት» ይባላል፤ እሱም ቆዳ ነው፣ ግን ይደክማል። «ጄንዊን ሌዘር» ብቻ ብሎ ዝም ያለ ወረቀት ካየሽ የትኛው ንጣፍ እንደሆነ ጠይቂ። ፈጽሞ የማልመክረው «ቦንድድ ሌዘር» የሚባለውን ነው። የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ በሙጫ ተጣብቆ፣ ላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ይላጣል። ከተላጠ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ጠጋኝ ልናድነው አንችልም።

ልጆች ስላሉሽ ላዩ በቀለም የተሸፈነውን፣ «ፕሮቴክትድ» ወይም «ፒግመንትድ» የሚሉትን ውሰጂ። «አኒሊን» የሚባለው፣ ላዩ ያልተሸፈነው፣ ሲነኩት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የወጥ ቅባት ከነካው ጠጥቶ ያስቀረዋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሞተር ሲበላሽ ይቀየራል። ስፖንጅ ሲረግብ ይቀየራል። ብረቱም ይቀየራል። አንድ ሙሉ ሶፋ በአዲስ ቆዳ ማልበስ ግን ሌላ ሶፋ የመግዛት ያህል ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብሽን በሞተር ብዛት ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ አውዪው። እኔ ብሆን ቡናማውን ነበር የምወስደው።

የስፖንጁንም ጥግግት ጠይቂ። በኪዩቢክ ጫማ 1.8 ፓውንድ ከሆነ መነሻው ነው፤ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቶሎ አይሰምጥም። ሻጩ ካላወቀው ከፋብሪካው ጠይቆ ይንገርሽ።

መልስ፦ ኤሌክትሪሻን፣ ኦሮራ ኮሎራዶ

ቆዳውን ወንድሜ ጨርሶታል። እኔን ያሳሰበኝ «መሃል ላይ ይቆማል» ያልሽው ነው። መብራቱን ከየት ልታመጪ ነው?

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በግድግዳ ዙሪያ የትኛውም ነጥብ ከሶኬት ከ6 ጫማ በላይ እንዳይርቅ ያስገድዳል። የወለሉን መሃል ግን አይመለከትም። ብዙ ሰው ሶፋው ቤት ከገባ በኋላ ነው ይህን የሚያየው። ከዚያ ኤክስቴንሽን ገዝቶ ምንጣፍ ሥር ይቀብረዋል። እባክሽ ይህን እንዳታደርጊ። ምንጣፍ ሥር የተቀበረ ገመድ ይረገጣል፣ ይግላል፣ ልባሱ ይላላል፤ የእሳት አደጋ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ደግሞ በጭራሽ።

የተሻለው መንገድ የወለል ሶኬት ማስገባት ነው። ከሳሎኑ ሥር ጣሪያው ያልተሸፈነ ቤዝመንት ካለሽ ሥራው ቀላል ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይሳባል። ወለሉ ኮንክሪት ከሆነ መቁረጥ ስለሚያስፈልግ ይወደዳል። ያኔ በባትሪ የሚሠራ ሪክላይነር (የሚዘረጋ መቀመጫ) አስቢበት። በሊትየም ባትሪ የሚሠሩ አሉ፤ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋሉ። ለአንቺ ሁለት መቀመጫ ሁለት ባትሪ ይበቃል።

የፍጆታው ነገር አያስፈራሽ። ከመቀመጫው ሥር ያለችው ጥቁር ሳጥን የግድግዳውን 120 ቮልት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 29 ቮልት ታወርዳለች። ሞተሩ ወደ 2 አምፒር ቢወስድ ነው፤ 60 ዋት አይሞላም። ያውም ሲንቀሳቀስ ብቻ።

አንድ ነገር ግን ሻጩን ጠይቂው። እግር ማሳረፊያው ተዘርግቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ በምን ይታጠፋል? አንዳንዶቹ ሳጥኗ ውስጥ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ማስገቢያ አላቸው፤ ለመዝጊያ ያህል ያገለግላል። አንዳንዶቹ ምንም የላቸውም፤ መብራት እስኪመጣ እንደተዘረጉ ይቀራሉ።

መልስ፦ አባወራ፣ ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ

ልጄ፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ለምን ኤል ቅርጽ? እኛ አንድ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ አንድ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥና ሁለት ነጠላ ወንበር ነው የገዛነው። በዓል ሲመጣ እንደፈለግን እናዞረዋለን። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ መሃል ገብቶ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። ኤል ቅርጽ ሲሆን ጥጉ ላይ የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ከጎረቤቱ ጉልበት ጋር ይጋጫል። ማንም እዚያ መቀመጥ አይወድም። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ቀኝና ግራው አዲሱ ሳሎን ላይ አልገጥም ሊል ይችላል።

ሌላም አለ። እንግዳ ባለበት፣ ሽማግሌ ፊት እግሩን ሽቅብ ዘርግቶ የሚቀመጥ አበሻ አይቼ አላውቅም። በዓል ቀን ሁሉም ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። የሚዘረጋው ማታ ማታ አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን ስትሆኑ ነው። ታዲያ አራት ሞተር ለማን ነው?

መልስ፦ ነርስ፣ ዳላስ

አባባ ያሉት የእግሩ ነገር ትክክል ነው፤ እኔም ቤት እንደዚያው ነው። ኤል ቅርጹን ግን አልተወውም። ሰፊ ሳሎን ውስጥ ትንንሽ ወንበሮች ተበታትነው ይቀራሉ፤ ክፍሉ ክፍል አይመስልም። ሳሎኑን ከኩሽናው የሚለይልሽ የሶፋው ጀርባ ነው።

ስለ እናትሽ ልናገር። በኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሶፋ እግር ያነሳል እንጂ ሰው አያስነሳም። ሁለቱ ይምታታሉ። ጉልበቷን ለሚያማት እናት የሚያስፈልገው መነሳቱ ነው። ለዚያ ለብቻው «ሊፍት ቼር» የሚባል ነጠላ ወንበር አለ፤ መቀመጫው ወደ ፊት እየዘመመ ቀስ አድርጎ ያቆማታል። ሶፋውም ላይ ቢሆን የመቀመጫውን ከፍታና ጥልቀት ለኪ። ከወለል 19 ወይም 20 ኢንች ከፍ ያለ ለመነሳት ይቀላል። ጥልቀቱ ከ22 ኢንች ካለፈ አጭር ሴት ጀርባዋ ሲደገፍ እግሯ ወለል አይነካም። የእናትሽን ቁመት አስቢና መደብሩ ውስጥ በሷ ልክ ተቀመጪበት።

የእግር ማሳረፊያው ተዘርግቶ ሳለ በላዩ ላይ ተረማምዳ እንዳትነሳ ንገሪያት። ከመጣች ቀን ጀምሮ ቁልፉን አስለምጃት።

ለልጆቹም እንዲሁ። እግር ማሳረፊያው ሲታጠፍ በብረቶቹ መካከል ጣት ሊገባ ይችላል። ሳትዘጊ በፊት ሥሩን ማየት ልማድ ይሁን። ቁልፋቸው የሚቆለፍ ሞዴሎች አሉ፤ ካገኘሽ እሱን ምረጪ።

ጥያቄ፦ ባለ አዲስ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የወለሉን ሶኬት ጨርሶ አላሰብንበትም ነበር። ከሥር ቤዝመንት አለ፤ ጣሪያው አልተሸፈነም። እንግዲህ ልኩን እንዴት ልያዝ? ሻጩ ደግሞ «ቀኝ ክንድ ነው ወይስ ግራ ክንድ?» እያለ ግራ አጋባን።

መልስ፦ ሶፋ ጠጋኝ

ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ቆመሽ እያየሽው ነው የሚቆጠረው። ቆመሽ ስታዪው ክንዱ በቀኝሽ ከሆነ ቀኝ ነው። ትእዛዙ ላይ ይህን አንድ ጊዜ ደግመሽ አረጋግጪ፤ ተገላቢጦሽ ከመጣ መመለሱ አሰልቺ ነው።

ለልኩ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ሰማያዊ ቴፕ ገዝተሽ ቅርጹን ወለሉ ላይ ለጥፊው። የታጠፈውን ብቻ ሳይሆን የተዘረጋውንም። ሲታጠፍ 40 ኢንች ገደማ የሚወስደው፣ ሲዘረጋ ከ65 እስከ 70 ኢንች ይደርሳል። ከጀርባው በኩል ወደ ኩሽና 36 ኢንች መተላለፊያ ይቅር። ያንቺ ግድግዳ ስለማይነካ «ዎል ሃገር» ለሚባለው፣ ግድግዳ ሥር ሆኖ ለሚዘረጋው ዓይነት ተጨማሪ አትክፈዪ። ጥጉ አጠገብ ያሉት ሁለት መቀመጫዎች አንድ ላይ ቢዘረጉ እግራቸው ይጋጫል። የሚዘረጉትን ሁለቱን ዳርና ዳር አድርጊ። ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ቦታም ቴፑ ላይ አካትቺው። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ከተዘረጋው እግር ራቅ ይበል።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሲያትል

የዋጋውን ነገር ልጨምር። የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። 5,600ው ያለ ማድረሻ 5,936 ይሆናል። በጀትሽን በዚህ ያዢ። ካልቸኮልሽ የፕሬዝዳንቶች ቀን፣ የሜሞሪያል ዴይ ወይም የሌበር ዴይ ቅናሽ ጠብቂ፤ የቤት ዕቃ መደብሮች ብዙውን ጊዜ የሚቀንሱት ያኔ ነው።

«ወለድ የለውም» የሚለውን የመደብር ካርድ በደንብ አንብቢው። «በጊዜው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ» የሚል ከሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ ትንሽ ዕዳ እንኳ ቢቀር ወለዱ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይመጣል። መክፈል የምትችዪ ከሆነ ዕዳውን ለወሮቹ ራስሽ አካፍለሽ በራስ ሰር እንዲቆረጥ አድርጊ።

ዋስትናውም አንድ ቁጥር አይደለም። ፍሬሙ፣ ብረቱ፣ ሞተሩ፣ ቆዳው ለየብቻ የተጻፈላቸው ዓመት አለ። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው የፍሬሙ ነው። አንቺ የሞተሩንና የቆዳውን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ተመላሽ፣ ሚኒሶታ

በመሃል ልግባ፤ ይቅርታ። እኛ ጠቅልለን ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ነው። እንዲህ ያለ ሶፋ አለን። ኮንቴይነር ውስጥ ብናስገባው እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ ኤሌክትሪሻን

ከሥሩ ያለችውን ሳጥን ገልብጠህ ጽሑፏን አንብብ። መግቢያው ላይ 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። 120 ብቻ ከሆነ የኢትዮጵያ 220 ያቃጥላታል። ሶፋውን አትቀይር፤ ሳጥኗን ቀይር። መውጫው ቮልትና አምፒሩ አንድ ዓይነት፣ ጫፏም ተመሳሳይ የሆነ፣ ለ240 የሚሆን ታገኛለህ። መብራት ስለሚቆራረጥ ባትሪም ያዝ፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚከላከል መሣሪያም ግዛ።

ጥያቄ፦ ባለ አዲስ ቤት

ተነጋገርን። ቡናማው ሆኗል፤ ሁለቱ የሚዘረጉት ዳርና ዳር። ለእናቴ ሊፍት ቼሩን ለብቻው፣ ከመስታወቱ በር ራቅ አድርገን። ኤሌክትሪሻን ቀጥረናል፤ ሶፋው የሚመጣው ሶኬቱ ከተሠራ በኋላ ነው። ቆዳውን በምን ልጠብቀው? የሚያመጡት ሰዎችስ ሳይሄዱ ምን ልይ?

መልስ፦ ሶፋ ጠጋኝ

ለፀሐዩ መጋረጃ ወይም የመስታወት ፊልም አድርጊ። ከፋየርፕሌሱም ቢያንስ ጥቂት ጫማ ይራቅ፤ ሙቀት ቆዳ ያደርቃል። አዘውትረሽ በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፤ ወዲያው አድርቂው። በዓመት አንዴ ሁለቴ የቆዳ ኮንዲሽነር ይበቃዋል። የሕፃን መጥረጊያ፣ ኮምጣጤና የመስታወት ማጽጃ አይንካው፤ የላዩን ሽፋን ይበሉታል። ወጥ ከፈሰሰ አትፈትጊው፤ በደረቅ ጨርቅ ምጠጪው።

ዕቃው ሲመጣ አትቸኩዪ፣ እነሱም አያስቸኩሉሽ። ጀርባው ከመቀመጫው ስለሚወልቅ በበር ማስገባቱ አይከብድም፤ ሲገጥሙት ግን ቆመሽ እዪ። ሁለቱንም መቀመጫ እስከ መጨረሻው ዘርግተሽ አጥፊ። የሚያጉረመርም ወይም የሚንገጫገጭ ካለ ደረሰኙ ላይ አጽፊው። ጀርባውን በብርሃን እዪ፤ ከመቀመጫው ጋር አንድ ዓይነት ቆዳ መሆኑን በእጅሽ ዳብሺ። ከዚያ ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከዓመታት በኋላ ሞተር ስትፈልጊ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ነው የሚገኘው።